የወጣቶችና የፍቅር ልብ ወለድ፦ እንዴት እናንብብ? በምንስ እንመዝን? (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

በደሴና በኮምቦልቻ ስለ መጻሕፍት ስንወያይ ከተማሪዎች፣ ከወላጆችና ከመምህራን ደጋግመው የሚነሱ ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ጀምረን ወደ ከባዱ እንሄዳለን።

የወጣቶች ልብ ወለድ የሚባለው የትኛው ነው?

ዋናው ገጸ ባሕርይ አፍላ ወጣት የሆነበት፣ ነገሩም ሁሉ በዚያ ወጣት ዓይን የሚታይበት ልብ ወለድ ነው። በውጭው የመጽሐፍ ገበያ ከ12 እስከ 18 ዓመት ላሉ አንባቢዎች ተብሎ ለብቻው ይለያል። እኛ ዘንድ እንዲህ ተለይቶ የሚቀመጥበት ቦታ ብዙም የለም። ፒያሳ ላይ መጽሐፍ ዘርግቶ የሚሸጥን ልጅ «የወጣቶች መጽሐፍ አለህ?» ብትሉት ወይ የተረት መጽሐፍ ያወጣላችኋል፣ ወይ የፍቅር ልብ ወለድ፣ ወይ ስለ ስኬት የሚመክር መጽሐፍ። ስለዚህ ሽፋኑን ትቶ ውስጡን ማየት ያስፈልጋል።

የገጸ ባሕርይው ዕድሜ ብቻውን አይለይም። አንድ አዛውንት የ16 ዓመት ልጅነታቸውን በትዝታ የሚተርኩበት መጽሐፍ የአዋቂ መጽሐፍ ነው፤ ተራኪው ነገሩ የት እንደሚደርስ ያውቃል፣ ይቅር ያለውንም ይቅር ብሏል። በወጣቶች ልብ ወለድ ውስጥ ግን ተራኪው ገና ምንም አያውቅም። የፈተናው ውጤት አልመጣም፣ ከአባቱ ጋር ያለው ኩርፊያ አልተፈታም፣ የወደዳት ልጅ ትውደደው አትውደደው አልለየለትም። እዚያው መሃል ላይ ቆሞ ነው የሚያወራን።

ፍቅር ያለበት መጽሐፍ ሁሉ የፍቅር ልብ ወለድ ነው?

አይደለም። ፍቅሩን ከታሪኩ አውጥታችሁ እዩት። ታሪኩ ከነጉድለቱም ቢሆን መቆም ከቻለ ሌላ ዓይነት ልብ ወለድ ነው፤ ጨርሶ ከፈረሰ ግን የፍቅር ልብ ወለድ ነው። በውጭ አገር አንባቢዎች ዘንድ ሁለተኛ መለያም አለ፦ ታሪኩ ተስፋ ባለው ፍጻሜ መዘጋት አለበት። የኛ አንባቢ ይህን ግዴታ አያደርገውም፤ እንዲያውም ብዙው ተቃራኒውን ይጠብቃል። ወደዚህ ጉዳይ ከታች እንመለስበታለን።

ልጄ ቀኑን ሙሉ የፍቅር መጽሐፍ ይዛ ነው የምትውለው። ጊዜዋን እያባከነች አይደለም?

ትምህርቷን ትታ ከሆነ ችግሩ የሰዓት ነው፤ የመጽሐፉ ዓይነት አይደለም። ሒሳብ መሥራት ባለባት ሰዓት የታሪክ መጽሐፍ ብታነብም ሒሳቡ ያው ሳይሠራ ያድራል። ሰዓቱን ያስተካክሉላት፤ መጽሐፉን ግን አይቀሟት። 300 ገጽ አማርኛ ማንም ሳያስገድዳት የጨረሰች ልጅ ብዙ ነገር አትርፋለች፤ ረጅም ዓረፍተ ነገር አይከብዳትም፣ ቃላት ታገኛለች፣ የሌላ ሰው ሐሳብ ውስጥ ገብታ መቆየት ትለምዳለች።

የፍቅር ታሪክ ቀላል ነገር ነው የሚለው አስተሳሰብም ከራሳችን ሥነ ጽሑፍ ጋር አይሄድም። በአማርኛ ከፍ ካሉት ልብ ወለዶች ስማቸው መጀመሪያ ከሚጠሩት አንዱ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። በ1958 ዓ.ም. ታተመ፤ ኋላም ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ተረከውና ማንበብ የማይችለው ሰው ሳይቀር በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ዐወቃቸው። ስለ ባላባትና ስለ ድኃ፣ ስለ ዘር ቆጠራ፣ ስለ አሮጌ ልማድ የሚናገረው ሁሉ የገባው በሁለት ወጣቶች ፍቅር በኩል ነው። ልጅዎ የያዘችው መጽሐፍ ከዚህ ጋር የሚስተካከል ላይሆን ይችላል፤ ሆኖም «ስለ ፍቅር ስለሆነ ከንቱ ነው» ሊባል አይገባም። ይልቅ እራት ላይ «እስቲ ማን ነው ደስ ያለሽ? ለምን?» ብለው ይጠይቋት።

ለ13 ዓመት ልጅ የሚሆንና የማይሆን መጽሐፍ እንዴት እለያለሁ?

ራስዎ አንብበው። ሌላ አቋራጭ የለውም። እኛ ገበያ ላይ ያሉት መጻሕፍት ዕድሜ አይጻፍባቸውም፤ ሽፋኑ ላይ ያለው ሥዕልም ውስጡን አይናገርም። ሙሉውን ለማንበብ ጊዜ ካጡ መጀመሪያውን፣ መሃሉንና መጨረሻውን ሃያ ሃያ ገጽ ያንብቡ።

ብዙ ወላጆች የሚፈልጉት የመኝታ ቤት ትዕይንት መኖር አለመኖሩን ብቻ ነው። እሱም መታየት አለበት። እኔ ግን ይበልጥ የምፈራው ሌላውን ነው፦ ምንም ገላ የማይታይበት፣ ነገር ግን ልጅቱ በ15 ዓመቷ ለሠላሳ ዓመት ሰው ስትዳር ታሪኩ እልል የሚልበትን መጽሐፍ። ልጅ ከሚያፍርበት ገጽ ይልቅ ደስ ብሎት ከሚያልፈው ገጽ ብዙ ይማራል።

«ወደድኩት» ማለትና «ጥሩ ነው» ማለት ልዩነታቸው ምንድን ነው?

«ወደድኩት» ስለ ራሳችሁ የምትናገሩት ነው፤ ማንም ሊከራከራችሁ አይችልም። «ጥሩ ነው» ስትሉ ግን ስለ መጽሐፉ ተናገራችሁ፤ ስለዚህ ማስረጃ ትጠየቃላችሁ። ውይይት ላይ አንድ ሰው «ገጸ ባሕርያቱ አያሳምኑም» ሲል የምንጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «የቱ ገጽ ላይ?» ገጹን አውጥቶ ካነበበልን ክርክሩ ይጀመራል። ካላገኘው አስተያየቱን ለሌላ ቀን ያቆየዋል።

ሁለቱ አብረው ላይሄዱ ይችላሉ። አምሽታችሁ፣ መብራት ሲጠፋ በስልክ መብራት ጭምር የጨረሳችሁት መጽሐፍ በአጻጻፉ ደካማ ሊሆን ይችላል። እንዲያ ከሆነ ሁለቱንም ጻፉ፦ ምን እንዳስቀጠላችሁና ምን እንደጎደለው። አንባቢን የሚያስቀጥል ኃይል ራሱ ችሎታ ነውና ለደራሲው መመስገን ይገባዋል።

ጥሩ የፍቅር ትዕይንት በምን ይታወቃል?

ሁለቱ ሰዎች በሌላ በማንም ሊተኩ የማይችሉ ሲሆኑ። ለማሳየት ያህል ሁለት አጫጭር አንቀጾች እዚሁ ጽፌያለሁ፤ ገጸ ባሕርያቱ አንድ ናቸው። የመጀመሪያው ይህ ነው፦

«ሰላም ከጨረቃ የደመቀች፣ ከጽጌረዳ የፈካች ነበረች። ዳዊት ገና ሲያያት ልቡ ተመታ። ያለ እሷ መኖር እንደማይችል በዚያችው ቅጽበት ገባው።»

ሁለተኛው ይህ ነው (ሐረጎ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ነው)፦

«ሚኒባሱ ሐረጎን ሲወርድ ጭጋጉ ከመስኮቱ ላይ ለቀቀ። ረዳቱ እጁን ሲዘረጋ ዳዊት ኪሱን ዳበሰ፤ ሌላኛውንም ዳበሰ። ሰላም ቀና ብላ ሳታየው የሁለት ሰው ከፈለች። ‹የመመለሻውን አንተ ትከፍላለህ› አለችው ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል። ምን ብሎ እንደሚመልስላት ሲያስብ መውረጃውን አለፈው።»

በመጀመሪያው አንቀጽ «ሰላም» የሚለውን ስም አውጥታችሁ «ሄለን» ወይም «ፋጡማ» ብታስገቡበት ምንም አይለወጥም። ሁለተኛው ውስጥ «ፍቅር» የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም፤ ግን የሰላምን አንድ ዓረፍተ ነገር ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ገንዘብ የሌለውን ልጅ ሳታሳፍረው አዳነችው፤ የከፈለችለትን ብድር አደረገችለት፤ በዚያው ደግሞ አብረው እንደሚመለሱ ነገረችው። ዓይኗን ከመንገዱ አለመንቀሏ እሷም እንደፈራች ይነግረናል። ዳዊት ደግሞ መልስ ሲያጠና መውረጃውን የሚያልፍ ዓይነት ሰው መሆኑን ዐወቅን። ከዚህ ወዲያ «ተዋደዱ» ብሎ ደራሲው ባይነግረን እንኳ እናምናለን።

ስለዚህ አንድን የፍቅር መጽሐፍ ስትመዝኑ የመጀመሪያውን የመገናኛ ትዕይንት ፈልጋችሁ እንዲህ አንብቡት። ማን ምን አደረገ? ምልልሱ ውስጥ የተባለው ምንድን ነው? ሳይባል የታወቀውስ? ብዙ ጊዜ የመጽሐፉ ጠቅላላ አቅም እዚያች ሁለት ገጽ ላይ ይታያል።

ታሪኩ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ ከሆነ መቼቱን እንዴት ልገምግም?

ቦታው ሥራ ይሥራ አይሥራ እዩ። ደሴ ወደ 2500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ 1850 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ በሐረጎ ጠመዝማዛ ወርዶ ከብርዱ ወደ ሙቀቱ መግባት የአንድ ሰዓት መንገድ እንኳ አይሆንም። ይህን የሚያውቅ ደራሲ ገጸ ባሕርይው ደሴ ላይ የደረበውን ጃኬት ኮምቦልቻ ሲደርስ በክንዱ እንዲይዘው ያደርጋል። የማያውቀው ደግሞ የደሴዎቹን ፒያሳን፣ ቧንቧ ውሃንና የጦሳን ተራራ በስማቸው ይደረድርልናል፤ ታሪኩ ግን አዋሳ ቢሆንም ያው ነበር።

የቦታ ስህተት ስታገኙ ጻፉት፤ ግን መጠኑን ጠብቁ። አንድ የተሳሳተ የመንገድ ስም መጽሐፉን አይጥለውም።

የወሎ ልጅ ሆና የተሳለችው ገጸ ባሕርይ ቆንጆ ከመሆኗ በቀር ምንም የላትም። ይህ እንደ ጉድለት ይቆጠራል?

ይቆጠራል፤ በጣም ይቆጠራል። የወሎን ቆንጆ ማወደስ በዘፈን የኖረ ነው። አምባሰልና ባቲ የሚባሉት ቅኝቶች ስማቸው ከዚሁ ከወሎ ነው፤ በነሱ የተዜመውን ስንሰማ ያደግን ሰዎች ውዳሴውን አንጠላውም። ዘፈን ግን በጥቂት ደቂቃ ያልቃል፤ ማወደስም ሥራው ነው። ልብ ወለድ ውስጥ ከዚያች ልጅ ጋር ብዙ ቀን አብረን እንኖራለን። ዓይኗን፣ ፀጉሯንና አንገቷን በአንድ ገጽ ከጨረስን በኋላ በቀረው ገጽ ምን ልታደርግ ነው?

የተለመደውን ታሪክ ታውቁታላችሁ። ወጣቱ ለሥራ ከአዲስ አበባ ይመጣል። ቡና ስታፈላ ያያታል። አፍራ አንገቷን ትደፋለች። ይዟት ይሄዳል። እስከ መጨረሻው ድረስ ስንተኛ ክፍል እንደደረሰች፣ ደሴን ጥሎ መሄድ ትወድ እንደሆነ፣ እናቷን ማን እንደሚጦርላት አንሰማም። የምመክረው ፍተሻ ይኼ ነው፦ መልኳን የሚገልጹትን ዓረፍተ ነገሮች በሙሉ በእርሳስ ሰርዟቸው። የቀረውን አንብቡ። የምትፈልገው ነገር አለ? ታሪኩን ያዞረ አንድ ውሳኔ ወስናለች? ባታፈቅር ኖሮ ነገ ጠዋት ተነሥታ የት ትሄድ እንደነበር ታውቃላችሁ? መልሱ ሦስቱም ላይ «የለም» ከሆነ ደራሲው የፍቅር ታሪክ ሳይሆን የአንድ ሰው አድናቆት ነው የጻፈው፤ ግምገማችሁ ላይ በግልጽ አስቀምጡት።

አነጋገሯንም አስተውሉ። ወሎ ውስጥ «አብሽር» የማይል ሰው የለም። ገጸ ባሕርይዋ ግን በየመስመሩ እሱኑ ብቻ የምትደጋግም ከሆነ ቃሉ ጌጥ ሆኗል ማለት ነው። የአካባቢን አነጋገር የሚያውቅ ደራሲ እናትየዋን፣ ልጅቱንና የሠፈሩን ሸህ በተለያየ አፍ ያናግራቸዋል።

በሞት ወይም በመለያየት ካላለቀ የፍቅር ልብ ወለድ ቁም ነገር የለውም የሚባለው እውነት ነው?

ይህ አስተያየት የመጣው ከምንወዳቸው መጻሕፍት ነው። ርእሱ ራሱ መቃብርን የሚጠራ ታላቅ መጽሐፍ አንብበን አድገን «ፍቅር ማለት ይህ ነው» ብንል አይፈረድብንም። ነገር ግን የአማርኛ ልብ ወለድ የጀመረው በዚህ አይደለም። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ጦቢያ» በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ሲታተም ጦርነት፣ ምርኮና ስደት ካሳየን በኋላ የተዘጋው በሠርግ ነው።

መለኪያው ፍጻሜው ደስታ ነው ወይስ ሐዘን የሚለው አይደለም፤ ከመጣበት መንገድ የተወለደ ነው ወይስ ከላይ የወደቀ? ሦስት መቶ ገጽ ሙሉ በቤተሰብ ተቃውሞ የተጨነቁ ጥንዶች በመጨረሻው ምዕራፍ መኪና ገጭቷቸው ቢሞቱ ደራሲው ካነሣው ጥያቄ ሸሸ ማለት ነው። ቤተሰቡ ያለ ምንም ምክንያት በአንድ ሌሊት ልቡ ተለውጦ ቢድራቸውም ሽሽቱ ያው ነው። አንባቢን ማስለቀስ ከባድ አይደለም፤ የምንወደውን ሰው መግደል ይበቃል። ሁለት ሰዎች እንዴት ታርቀው አብረው መኖር እንደቻሉ አሳምኖ መጻፍ ግን በጣም ይከብዳል።

መጽሐፉ ላይ ወንዱ እምቢ እያለችው ይከታተላታል፣ ያስፈራራታል፣ መጨረሻ ላይ ትወደዋለች። እንዴት ልፈርድበት?

መጀመሪያ ሁለት ነገሮችን ለዩ። አንድ ድርሰት ክፉ ነገር ስላሳየ ክፉ አይሆንም። ጠለፋን፣ ያለ ዕድሜ ጋብቻን፣ ድብደባን የማያሳይ ልብ ወለድ ብቻ እንዲኖረን ብንፈልግ ስለ ብዙ እናቶቻችን ሕይወት የሚጻፍ አይኖርም። የምንመዝነው ድርሰቱ ያንን ነገር እንዴት እንደያዘው ነው። ልጅቱ ስትፈራ ፍርሃቷን ከውስጧ ሆነን እናየዋለን? ወይስ ትረካው ከሰውየው ትከሻ ጀርባ ቆሞ «አፈረች፣ ተሽኮረመመች» እያለ ፍርሃቷን ይተረጉምላታል? እምቢታዋ ታሪኩ ውስጥ ዋጋ አለው? ወይስ ሰውየው ምን ያህል እንደሚወዳት ለማሳያ ብቻ ነው የገባው? እነዚህን ጥያቄዎች ስትመልሱ ገጽ እየጠቀሳችሁ መልሱ።

ለወጣት አንባቢ ይህ ጉዳይ የሥነ ጽሑፍ ብቻ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜን ለሁለቱም ጾታ 18 አድርጓል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ ሴትን ለማግባት ብሎ በኃይል የጠለፈ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እሥራት እንደሚቀጣ ይደነግጋል፤ ከጠለፋው በኋላ መጋባታቸውም ከቅጣት አያድነውም። ከዚያ በፊት የነበረው ሕግ በዚህ በኩል የላላ ነበርና በድሮ ዘመን የሚካሄድ ታሪክ ጠላፊው ሲያገባ ነገሩ በሽማግሌ ሲያልቅ ቢያሳይ ዘመኑን ማሳየቱ ነው። ዛሬ ደሴ ውስጥ የሚካሄድ ታሪክ ግን ያንኑ እንደ ፍቅር መጀመሪያ ሲያቀርበው ደራሲው ሊጠየቅበት ይገባል።

ልጆች አንድ ነገር ይነግሩናል፦ «እሱ እኮ ስለሚወዳት ነው የተከታተላት።» አትቆጧቸው፤ መጽሐፉ ራሱ እንዲህ ብሏቸዋል። ያንኑ ትዕይንት በልጅቱ አንደበት፣ «እኔ» እያለች፣ በአንድ ገጽ እንደገና እንዲጽፉት ስጧቸው። ከትምህርት ቤት እስከ ቤቷ ድረስ ያለውን መንገድ፣ ከኋላዋ የሚሰማውን የእግር ኮቴ፣ ቤት ደርሳ ለእናቷ የምትናገረውን ወይም የማትናገረውን። ከዚህ ልምምድ በኋላ የሚደረገው ውይይት ከማንኛውም ምክር ይበልጣል።

ሙስሊምና ክርስቲያን የሚዋደዱበትን ታሪክ ስገመግም ምን ልጠንቀቅ?

የራሳችሁን አቋም ከመጽሐፉ አሠራር ለዩ። እንዲህ ያለ ጋብቻ ይሁን ወይስ አይሁን የሚለው ሰው በእምነቱ የሚመልሰው ነው። የገምጋሚው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ ሁለቱም ቤት ውስጥ ሰው አለ ወይ? የአንደኛው ወገን አባት የሚያስብ፣ የሚያለቅስ፣ የሚለሳለስ ሆኖ የሌላኛው ወገን አባት በትር ይዞ በር ላይ የሚቆም ብቻ ከሆነ ደራሲው ለአንድ ወገን አድልቷል። ችግሩ የሚፈታው አንዳቸው እምነታቸውን በመተው ከሆነም ያ ሰው ምን እንዳጣ ታሪኩ ይንገረን።

ወሎን የሚያውቅ ደራሲ ነገሩን ግድግዳ ብቻ አድርጎ አያየውም። እዚህ በአንድ የዘር ሐረግ ውስጥ ሁለቱም ስም አለ። ሠርግ ሲደገስ ለሙስሊሙ ለብቻ፣ ለክርስቲያኑ ለብቻ ይታረዳል፤ ሥጋው ይለያያል፣ ድንኳኑ ግን አንድ ነው። ልብ ወለዱ ይህን አብሮነት ካላሳየን የመለያየቱም ሕመም አይሰማንም።

የትርጉም መጽሐፍ ስገመግም ማንን ነው የምፈርደው፣ ደራሲውን ወይስ ተርጓሚውን?

ታሪኩንና ገጸ ባሕርያቱን ለደራሲው፣ ዓረፍተ ነገሩን ለተርጓሚው ስጡ። ምልልሱን ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ ማንም አማርኛ ተናጋሪ እንዲህ የማይል ከሆነ ጥፋቱ የትርጉሙ ነው። የተርጓሚው ስም ግምገማችሁ ውስጥ ሁልጊዜ ይግባ።

በቴሌግራም ያገኘሁትን ፒዲኤፍ አንብቤ መገምገም እችላለሁ?

ደራሲው ራሱ ከለቀቀው ምንም ችግር የለውም። ሳይፈቅድ የተለቀቀ ከሆነ ግን መብቱን መንካት ነው፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲ ሕይወቱን ሙሉና ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል። የመጽሐፍ ዋጋ ለተማሪ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። አምስት ሆናችሁ አንድ ግዙና በየተራ አንብቡት፣ ተከራዩ፣ ከቤተ መጻሕፍት ተዋሱ። ስካን ሲደረግ ገጽ የሚዘለልበት ጊዜም አለና በፒዲኤፍ ላይ ተመርኩዞ «ታሪኩ ይዘላል» ብሎ መፍረድ ያሳስታል።

ግምገማ ስጽፍ ምን ያህል ልጻፍ? መጨረሻውን ልንገር?

አንድ ገጽ ይበቃል። ታሪኩን በአምስት ዓረፍተ ነገር ተርኩ፤ የቀረውን ለፍርዳችሁ ተዉት። ብዙ ተማሪዎች ሦስት ገጽ ታሪክ ከተረኩ በኋላ «በአጠቃላይ መጽሐፉ አስተማሪ ነው» ብለው ይዘጋሉ። «አስተማሪ ነው» የሚለው ቃል ምንም አይነግረንም፤ ለማን፣ ምን፣ የቱ ገጽ ላይ እንዳስተማረ ይጻፍ። «የደራሲው ቋንቋ ውብ ነው» ከማለት ይልቅ አንድ ውብ ዓረፍተ ነገር ጥቀሱና ለምን እንደወደዳችሁት ተናገሩ።

መጨረሻውን በተመለከተ፣ ገና ላላነበበ ሰው የምትጽፉ ከሆነ ከመሃል በኋላ ያለውን አትንገሩት። ፍርዳችሁ በፍጻሜው ላይ የቆመ ከሆነ ግን ሳትናገሩት ማሳየት አይቻልም፤ አስቀድማችሁ «ከዚህ በታች መጨረሻውን እናገራለሁ» ብላችሁ ጻፉና ቀጥሉ።

ጦርነት ያለበትን የወጣቶች ልብ ወለድ ለእኛ ልጆች ማስነበብ ይገባል?

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ዛሬ አሥረኛና አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያሉት ልጆች ገና ታዳጊዎች ነበሩ። አንዳንዱ ከቤተሰቡ ጋር ተሰዶ ተመልሷል፤ አንዳንዱ ቤቱ ሆኖ የከባድ መሣሪያ ድምፅ ሰምቷል፤ ሰው ያጣም አለ። ስለዚህ ልጁን ሳያውቁ ለሁሉም አንድ መጽሐፍ ማደል ትክክል አይደለም። ውስጡ ምን እንዳለ አስቀድሞ መንገር፣ ማንበብ ያልፈለገውን አለማስገደድ፣ የጀመረውን የማቋረጥ መብት መስጠት ያስፈልጋል።

እንዲህ ሲደረግ ግን ይገባል እላለሁ። ስለ ራሱ መናገር የማይችል ልጅ ስለ ገጸ ባሕርይው ሲናገር አይቻለሁ። ግምገማው ላይ የሚታየው ነጥብ ደግሞ ይህ ነው፦ ጦርነቱ ለፍቅሩ ማድመቂያ ሆኖ ብቻ የገባ ከሆነ፣ ሰው ሲሞት ጥንዶቹ ይበልጥ እንዲተቃቀፉ ብቻ ከሆነ፣ መጽሐፉ በሌሎች ሐዘን ተጠቅሟል። የሞተው ሰው ስም ካለው፣ የሚያለቅስለት ካለው፣ ከሦስት ምዕራፍ በኋላም ቦታው ባዶ ሆኖ ከታየ ደራሲው ሐዘኑን አክብሮታል።

ደራሲው የከተማችን ልጅ ነው፤ አውቀዋለሁ። ድክመቱን እንዴት ልጻፍ?

ይህ ከሁሉም ይከብዳል፤ ትንሽ ከተማ ውስጥ ነገ አስፋልት ላይ ትገናኛላችሁ። በራሱ ገንዘብ ያሳተመ ሰው ከሆነ ደግሞ ስንት ነገር ሸጦ እንዳሳተመው ታውቃላችሁ። ቢሆንም ማሞገስ ብቻ አይጠቅመውም። የምረቃ ዕለት ሁላችንም አጨብጭበን ከሄድን በኋላ ሁለተኛውን መጽሐፍ ያንኑ ስህተት ይዞ ሲያወጣ የምንጎዳው እሱን ነው፤ ያነበቡትንም ወጣቶች እንዲሁ።

ስለ ሰውየው ምንም አትጻፉ፤ ስለ ገጾቹ ጻፉ። «ደራሲው ሴቶችን አያውቅም» ሳይሆን «ከምዕራፍ ሦስት እስከ ሰባት ዋናዋ ገጸ ባሕርይ አንድም ነገር ስትወስን አናይም» በሉ። ጥሩውን ስትጠቅሱም በዚያው ጥንቃቄ ገጽ ጥሩ፤ ለይስሙላ እንዳልሆነ ይገባዋል። ግምገማውን ከማውጣታችሁ በፊት ለእሱ ማሳየት ግዴታ የለባችሁም፤ እኔ ግን የሚያውቀኝ ሰው ከሆነ በዚያው ቀን ጠዋት ደውዬ እነግረዋለሁ። ዝምድና ወይም ጓደኝነት ካላችሁ ደግሞ ግምገማው የመጀመሪያ መስመር ላይ ለአንባቢው ግለጹ።